የእሱ ግብር

ባለፈው ሐምሌ የጣሪያና የግድግዳ ግብር ልከፍል መስኮቱ ጋ ስደርስ ገንዘብ ተቀባይዋ ስም ጠየቀችኝ።

«ሙቢና ቱፋ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ነጭ ጢሜንና ኮፍያዬን አየች።

«የእርስዎን ስም ነው እኮ የጠየቅኩት፣ አባባ።»

«የራሴን ከፍያለሁ። ይኼ የጎረቤቴ ነው።»

ናዝሬት ትባላለች። ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች፣ ሰው የማታመናጭቅ ልጅ ናት። «ከከፈሉስ አይቀር በእርስዎ ስም ላስገባው?» አለችኝ። ለእኔ አስባ ነው።

«አይሆንም። በሙቢና ስም ይሁን። ከሥሩ ‹በየኋላሸት እጅ› ብለሽ ጻፊበት።»

«ሲስተሙ ‹በእጅ› የሚል ቦታ የለውም።»

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ። «ሰውዬው ምን ሆኖ ነው?» ያለም አለ። እኔ ግን ከመስኮቱ አልተነሳሁም። ያልተነሳሁበት ምክንያት ረጅም ነው፤ ለሰልፍ አይሆንም። እዚህ እጽፈዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ ግብር የሚለውን ቃል የሰማሁት ከቄስ ነው። ቤታችን ከሁሩታ ወጣ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ከተማው መጥቶ ውጦታል። የንስሐ አባታችን ሲሰብኩ ድምፃቸው ከፍ የሚለው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለባዕድ በመገበር። ቤት ለይቶ፣ በግ ለይቶ፣ ለማይታይ ጌታ የሚገብር ሰው በመካከላችን እንዳለ ይናገሩና ምእመኑን አንድ በአንድ ያያሉ። ዓይናቸው አባቴ ጋ ሲደርስ እኔ አንገቴን እደፋለሁ። አባቴ ኃይለየሱስ ይገብር ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «የእሱን ግብር ሳላስገባ ሌላ ነገር አልጀምርም» ይል ነበር ለእናቴ።

ለመንግሥት የሚከፈል ግብር መኖሩን የነገረኝ የለም።

ከጉድባው ማዶ አንድ ቤት ነበር። ሰው አይኖርበትም። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ መክፈቻው አባቴ ዘንድ ነው። እናቴ አባይነሽ አልፎ አልፎ ትሄድና ወለሉን በእበት ትለቀልቃለች፣ እሳት አንድዳ ጭሱ የሣር ክዳኑን እስኪያጥነው ትጠብቃለች፣ ማንም የማይተኛበት መደብ ላይ ያለውን ቁርበት ታራግፋለች። ቤቱ ስም አልነበረውም። «እሱ ቤት» ይባላል። ከበጎቻችን መካከልም ጆሯቸው በሰያፍ የተቆረጠ ነበሩ። እነሱም «የእሱ» ናቸው። የእኛ ግልገል እግሩ ቢሰበር እናቴ ታዝናለች። ጆሯቸው ከተቆረጠው አንዱ ቢያነክስ ግን ደረቷን ትመታለች፤ «ወይኔ፣ የእሱ ነው!»

አንድ ጊዜ «እሱ ማነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አንተ ምን አገባህ» አለችና ወደ በሩ ዞር ብላ አየች።

ያ ዞር ማለቷ ከመልሷ የበለጠ አስፈራኝ።

ጥር ሲገባ አባቴ ጆሯቸው ከተቆረጠው ትልቁን ሙክት ይመርጣል። እናቴ ጭኮ ትሠራለች። የገብስ ቆሎ ዱቄቱን በንጥር ቅቤ አሽታ አሽታ አገልግል ትሞላለች። ለቤት ስትሠራ ጣቷን ታስልሰኛለች፤ ከዚያኛው ግን አታስነካኝም። አንድ ዓመት ዓርብ ቀን ስታሽ አየኋት። ዓርብ ጾም ነው። ቅቤው እስከ ክንዷ ደርሷል። ጾም የማያግደው ጌታ የትኛው እንደሆነ ቄሱ ነግረውናል።

አባቴ ሙክቱን ጎትቶ፣ አገልግሉን በትከሻው አንጠልጥሎ ይሄዳል። ሲመለስ ሙክቱ የለም፣ አገልግሉ ባዶ ነው። ከደረት ኪሱ አንዲት ወረቀት አውጥቶ በእንጨት ሳጥኑ ይቆልፍባታል፤ ከዚያ ፊቱ ይፈታል። እሱ በልቶ ጠግቧል ማለት ነው። ወረቀቷ የመጥገቡ ምልክት ትመስለኝ ነበር።

አሁን የማውቀው ይኼን ነው። ቱፋ ገልቶ የአባቴ ጎረቤት ነበር። እኔ ጡት ሳልጥል በድንበር ጠብ የአንድ ባላባትን ወኪል በዱላ መትቶ ዓይኑን አጠፋውና አሰላ ወህኒ ቤት ገባ። ሚስቱ ልጇን ሙቢናን ይዛ ወገኖቿ ወዳሉበት ወደ ጎበሳ ሄደች። ሲወስዱት ቱፋ ለአባቴ የተናገረው «ግብሬን አደራ» የሚል ብቻ ነው አሉ። ያን ጊዜ ዘመኑ የጃንሆይ ነበር፤ ግብሩ የተቋረጠ መሬት ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ ሊወሰድ ይችላል። ያ አንድ ዓይና ወኪል ደግሞ የሚጠብቀው ያችን ቀን ነው። ማን እንደሚከፍል እንዳያውቅ ቱፋ በስሙ አይጠራም፤ በተለይ በልጅ ፊት። በጎቹ የቱፋ ነበሩ። አባቴ ከራሱ ሀብት አይቀላቅላቸውም፤ የቱፋ በግ ተሽጦ የቱፋን ግብር ይከፍላል። ጭኮው ለእስረኛው ስንቅ ነው። ቱፋ ሙስሊም ስለሆነ የእኛን ሥጋ አይበላም፤ ገብስና ቅቤ ግን ይበላል። ዓርቡም እናቴ የምትጾመው በአፏ እንጂ በእጇ አልነበረም።

እኔ ይኼን ሁሉ ሳላውቅ አንድ ክረምት ሦስት የመንግሥት ሰዎች መጡ። በነሐሴ ዝናብ ካፖርት ለብሰው፣ አንደኛው በክንዱ ሥር መዝገብ ይዞ። አጎቴ ይርሳው አብሯቸው ነበር። ይርሳው የእናቴ ወንድም ነው፤ አሰላ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ለሰው ማመልከቻ ይጽፋል። ቃሉም እንደ ጽሑፉ ረጅም ነበር።

ሰዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ይርሳው ቀድሞ ሮጦ አባቴን ጥግ አስያዘው።

«በግ እረድ። ሆዱ የሞላ ሰው ለሙን መሬት ጠፍ ነው ብሎ ይጽፍልሃል።»

«ፍልሰታ ነው» አለ አባቴ።

ይርሳው አፉን ከፍቶ አየው። «በነሐሴ ይምጡልኝ ብለህ ያስጻፍከኝ ለዚህ ነው?»

«ለዚህም ነው።»

«ሌላው ለምንድነው?»

«ለውሃው።»

አባቴ ሰዎቹን ከጉድባው ማዶ ወዳለው የእሱ ማሳ ወሰዳቸው። እኔ ከቁልቋሉ ሥር ሆኜ አየሁ። መዝገብ የያዘው «ለም ተብሎ ነው የተጻፈው» አለ። አባቴ «ይሂዱበት» አለው። ሰውዬው ሄደ። ሃያ እርምጃ ሳይሞላ አንድ እግሩ እስከ ጉልበቱ ገባ፤ ሲያወጣው ያለ ጫማ ወጣ። ሁለቱ ሊያወጡት ሲሄዱ እነሱም ገቡ። ይርሳው ፊቱን ወደ ቁልቋሉ አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። አባቴ ግን አልሳቀም፤ ክንዱን እስከ ብብቱ ጭቃ ውስጥ ሰዶ ጫማውን ፈልጎ አወጣና በጅረቱ አጥቦ ሰጠው።

«በሉ ያያችሁትን ጻፉ» አለ። «ያላያችሁትን እንድትጽፉ አልጠየቅኩም።»

እኔ የገባኝ እሱ ሰዎቹን ከመሬት ሥር እንደያዛቸው ነው። የሆነው ግን መሬቱ በግብር መዝገብ ላይ ከለም ወደ ለም ጠፍ፣ ግብሩ ወደሚያንሰው ደረጃ፣ መዛወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የቱፋ ግብር ቀለለ፤ አንድ ሙክት ከበቂ በላይ ሆነ። አባቴ ያልዋሸበትና ጉቦ ያልሰጠበት ነገር ነው። ወሩን መረጠ እንጂ ሌላ አላደረገም።

ከአንድ ዓመት በኋላ በጎቹ ፈንጣጣ ገባባቸው። የእኛም የእሱም አለቁ። ቆዳቸውን እንኳ የሚገዛ አልተገኘም። ስምንት ዓመቴ ነበር። የቀረን ዋና ነገር ሁለት በሬዎችና አንዲት ቦራ ጊደር ነው። ጊደሯ የእኔ ናት ይባላል። ስትወልድ ወተቷ ተሽጦ እኔ አሰላ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ዘመናዊ ትምህርት ቤት እገባለሁ። እኛ ዘንድ ያለው የቄስ ትምህርት ብቻ ነበር። እኔ ለትምህርት ቤቱ ብዙም አልጓጓሁም፤ ግንባሯ ላይ ያለችውን ነጭ ቦታ ማከክ ነበር የምወደው።

ይርሳው አውድማው ላይ መጣ። አባቴ ገብስ ያበራይ ነበር፤ እናቴ ታበጥራለች። እኔ በሬዎቹን እየነዳሁ እዞራለሁ።

«ስማ ኃይለየሱስ፣ ጊደሯን ልትሸጥ ነው አሉ።»

«ልሸጥ ነው።»

«ለእሱ?»

«ለግብሩ።»

«የገዛ በጉ ሲከፍልለት እኔ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። አሁን ግን ጊደሯ ያንተ ናት። ያንተ ጊደር ከከፈለች ደረሰኙም ያንተ ይሁና! በስምህ አስቆርጠው። አሥራ አምስት ዓመት በተከታታይ በስምህ ግብር ከከፈልክ መሬቱ ያንተ ነው። ሕግ ነው፤ እኔ አልጻፍኩትም።»

«አንተ ያልጻፍከው ነገርም አለ?» አለ አባቴ መንሹን ሳያቆም።

እናቴ ሳቀች።

«ሳቂ አንቺ! እሱ ከዚያ መውጣት አለመውጣቱን ማን ያውቃል? ቢወጣስ ያመሰግነዋል? ኃይለየሱስ፣ ስረቅ አላልኩህም። የከፈልክበትን ያዝ ነው ያልኩህ።»

«የከፈልኩበትን አይደለም የምይዘው። የሱን ነው።»

ይርሳው ኮፍያውን አውልቆ በጭኑ ላይ መታው። «እንግዲያ እወቂው አባይነሽ። ባልሽ ዘንድሮ ልጁን ነው የሚገብረው። ጊደር እንዳይመስልሽ፤ ልጁን ነው ለእሱ የሚገብረው!»

እናቴ ሳቋን አቆመች። ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችና ወደ እኔ አየች። አባቴም ወደ እኔ አየ። «አይደለም» ያለ ሰው አልነበረም።

በሬዎቹ ቆሙ። እኔም ቆምኩ።

በማግስቱ እናቴ ራሴን ላጨችኝ። ገላዬን በሙቅ ውሃ አጠበችኝ፤ ጥር ወር ላይ ገላዬ ታጥቦ አያውቅም ነበር። አዲስ አቡጀዲ ሸሚዝ አለበሰችኝ። ስታለብሰኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ጭኮውን አሽታ አገልግሉን ከሞላች በኋላ ከላዩ በጣቷ ቆንጥራ አፌ ውስጥ አደረገችልኝ። ከእሱ ምግብ ቀምሼ አላውቅም ነበር። አሁን ከእሱ ወገን እንደሆንኩ አወቅኩ።

«ከአባትህ ጋር አሰላ ትሄዳለህ» አለችኝ። «ጊደሯን ከኋላ የሚነዳ ያስፈልጋል።»

ጊደሯን ከኋላ የሚነዳ በእርግጥ ያስፈልግ ነበር። ራሴን የላጨችኝ አክስቴ ቅማል ይዞ መጣ እንዳትላት ነው። ያለቀሰችውም ለቀረብኝ ትምህርት ቤት ነው። ይኼን ከዓመታት በኋላ በራሷ አፍ ነግራኛለች። ያን ቀን ግን ዝም ብዬ ሄድኩ። ለምን እንዳልሮጥኩ ራሴን ጠይቄ አውቃለሁ። አባቴ ከፊት ገመዱን ይዞ ነበር የሚሄደው፤ ወደ ኋላም አይዞርም። የማይዞርን ሰው ጥሎ መሮጥ ከበደኝ።

ኢተያ አደርን። በነጋታው ጭላሎ ተራራ ከፊታችን ሆኖ ዳገቱን ስንይዝ መጠየቅ ቻልኩ።

«አባባ፣ እሱ ምን ይበላል?»

አባቴ ቆም አለ። ስሙን ሳልጠራ ማንን እንደጠየቅኩ ገብቶታል። ልጅ ነገር ይሰማል ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

«ያመጡለትን ይበላል።»

«ካላመጡለትስ?»

«ይጠብቃል።»

«ብዙ ይጠብቃል?»

«ሌላ ምን ሥራ አለው» አለና ገመዱን ሳበ።



አሰላ ገበያ ጊደሯን አንድ ከብት የሚያርድ ሰው ሊገዛ ነበር። አባቴ ተወውና ባነሰ ዋጋ ለአንዲት ወተት ለምትሸጥ ሴት ሰጣት። ሴትየዋ ግንባሯን አከከቻት፣ ልክ እኔ የማክበት ላይ። ጊደሯ ሳትታረድ፣ ሳትቃጠል፣ ከሰው ጋር ተራ መንገድ ይዛ ስትሄድ ሳይ ለእሱ የቀረሁት እኔ ብቻ መሆኔ ተረጋገጠልኝ።

ግምጃ ቤት ገባን። የድንጋይ ደረጃ፣ ጨለም ያለ ክፍል፣ በሽቦ የታጠረ መስኮት። ከሽቦው በስተጀርባ መነጽር ያደረገ ሰው ተቀምጧል። ሰው ሁሉ እጅ እየነሳ ነው የሚጠጋው። አባቴም እጅ ነሳ። ለማንም እጅ ሲነሳ አይቼው አላውቅም።

«በማን ስም?» አለ ባለ መነጽሩ።

አባቴ ብሩን ከመቀነቱ ፈታ።

ዞሮ አየኝ። መንገዱን ሁሉ ያልዞረው ሰው ዞሮ አየኝ። የተላጨ ራሴን አየ፣ ሸሚዜን አየ። ከኋላችን ያሉት መገፋፋት ጀምረው ነበር።

እኔ የመሰጠቴ ሰዓት ነው ብዬ ቆምኩ። ዛሬ የአባቴን የያኔ ዕድሜ ካለፍኩ በኋላ የሚመስለኝ ሌላ ነው። አባቴ በዚያች ሰዓት ይርሳውን እየሰማው ነበር። ጊደሯ ሄዳለች፤ መስከረም ይመጣል፣ ልጁ ግን ትምህርት ቤት አይገባም። አንድ ስም ብቻ ነው የሚቀረው። የራሱን ስም ቢል የሚከለክለው ሕግ የለም፤ የሚያውቅም የለም።

«ሰውዬ፣ ስም!» አለ ባለ መነጽሩ።

«ቱፋ ገልቶ» አለ አባቴ። «በኃይለየሱስ እጅ።»

እጅ ሲል ስሰማ ሁለቱንም እጆቼን ብብቴ ሥር ደበቅኩ።

ባለ መነጽሩ ጻፈ፣ ማኅተም መታ፣ ወረቀቱን ቀደደ። አባቴ ፊደል አያውቅም። ወረቀቱን ተቀብሎ ጎንበስ አለና ለእኔ አሳየኝ። «‹በእጅ› የሚል አለ?»

ፊደል ቆጥሬ ነበር። እጄን ሳላወጣ በዓይኔ ፈለግኩ። «አለ» አልኩ።

«የት ላይ? በጣትህ አሳየኝ።»

እንግዲህ እጄን ማውጣት ግድ ሆነ። አወጣሁና አሳየሁት። ማንም አልወሰደውም።

ከዚያ ወደ ወህኒ ቤቱ ሄድን። እኔ የት እንደምንሄድ አላውቅም፤ ከፍ ያለ አጥር፣ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ፣ ከአጥሩ ወዲህ አገልግል የያዙ ሴቶች አየሁ። ብዙ ሰው ለእሱ እንደሚገብር ገባኝ። ዘበኛው ጭኮውን በእንጨት ወጋ ወጋ አድርጎ አየና አሳለፈው። ከሽቦው ማዶ አንድ ቀጭን ሰው እየሳቀ መጣ። የፊት ጥርሱ አንዱ የለም። ነጠላ ጫማው በሲባጎ ታስሯል።

«ኃይሌ! ዘንድሮ ዘገየህ። ሞተህ መስሎኝ ላለቅስልህ ነበር።»

«መንገዱ ነው» አለ አባቴ።

«ይኼ ማነው? የኋላሸት? ኮቱ፣ ኮቱ፣ ና ወዲህ!» ጣቱን በሽቦው አሾልኮ አፍንጫዬን ነካኝ። «ስሄድ የክንድ ያህል ነበርክ። ምነው? የሚፈራ ነገር አይተሃል?»

«ጋሽ ቱፋ በለው» አለኝ አባቴ።

ይኼ ሰው ጭኮውን በጣቱ ቆንጥሮ አፉ ውስጥ ከተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ዋጠ። «ለአባይነሽ ንገራት፣ ጨው ረስታለች።»

«ሆን ብላ ነው። ጨው ተወዷል።»

ሁለቱም ሳቁ። አባቴ ሲስቅ ያየሁበት ቀን ስለሆነ አልረሳውም።

ከዚያ ቱፋ ወረቀቱን ጠየቀ። አባቴ ሰጠኝና «አንብብለት» አለኝ። ከሽቦው ተጠግቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ፊደሉን እየቆጠርኩ ነው የማነበው። ከ፣ ቱ፣ ፋ፣ ገ፣ ል፣ ቶ። እዚህ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁት። በ፣ ኃይ፣ ለ፣ የ፣ ሱስ፣ እጅ። እሱ ማለት ይኼ ሰውዬ እንደሆነ ያወቅኩት ከወረቀቱ ላይ ነው። ደንግጬ ነበር፤ አፍሬም ነበር፤ በጣም የተሰማኝ ግን ረሃብ ነው። ከኢተያ ጀምሮ አልበላሁም።

«ጋሪ ነው፣ ጥሩ ነው» አለ ቱፋ። «በጎቹ እንዴት ናቸው?»

«አለቁ።»

«ሁሉም?»

«ፈንጣጣ ነው።»

ቱፋ ጭኮውን መልሶ ከደነው። «ታዲያ በምን ከፈልክ?»

«ከፈልኩ።»

«ኃይሌ፣ በምን ከፈልክ?»

አባቴ አጥሩን ያይ ነበር። ቱፋ ወደ እኔ ዞረ። «የኋላሸት፣ ትምህርት ቤት ገባህ?»

«አልገባሁም» አልኩ።

«ይገባል» አለ አባቴ።

ቱፋ ሽቦውን ይዞ ቆሞ ቀረ። ስንሄድም እንደቆመ ነበር።

አልገባሁም። አሰላ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ አልተማርኩም። ኋላ ሁሩታ ትምህርት ቤት ሲቀርበን ከትንንሾቹ ጋር ተቀምጬ እስከ ስድስተኛ ደረስኩ፤ ከዚያ እርሻው ያዘኝ። ቱፋ ተፈትቶ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ከጎበሳ አንዲት ጊደር ነድቶ እኛ በር ላይ ማሰር ነው። ጊደሯ መጣች፤ ዓመቱ ግን አልመጣም።

ጥቂት ቆይቶ አብዮቱ መሬቱን ሁሉ የመንግሥት አደረገው። ይርሳው ይኼን ሲሰማ ከአሰላ ድረስ መጥቶ ሳቀ። «ለንጉሥ ስትገብርለት ከረምክ! አሁን የሱም አይደል፣ ያንተም አይደል!» እውነቱን ለመናገር ይርሳው አልተሳሳተም። ማሳው ተሸንሽኖ ለብዙ ሰው ተሰጠ፤ አባቴም ቱፋም ድርሻ ድርሻቸውን አገኙ። ቤቱና ግቢው ግን የማን እንደሆነ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሲጠይቅ ያ አንድ ዓይና ወኪል ባዶ ቤት ነበር አለ። አባቴ ሳጥኑን ተሸክሞ መጣና ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰ። ሁሉም ላይ ቱፋ ገልቶ ይላል። አንዱም ላይ ባለቤት ነኝ የሚል ሌላ ስም የለም። ጉዳዩ ከምሳ በፊት አለቀ።

ሁለቱም ካረፉ ቆይተዋል። ሙቢና አርጅታ እግሯን ከተሰበረች ወዲህ አዳማ ልጇ ዘንድ ነው የምትኖረው፤ ከጉድባው ማዶ ያለው ቤት ተዘግቷል። ጉድባው ራሱ ዛሬ አስፋልት ነው። ሣሩ ቆርቆሮ ሆኗል። አሁን ይዞታ ሊረጋገጥ ነው እየተባለ ስለሆነ ግብሩ ባይከፈል፣ ወይም በሌላ ሰው ስም ቢከፈል፣ ነገ ቤቱ ላይ ነገር ይነሳል። መክፈቻው እኔ ዘንድ ነው።

ይኼን ነበር መስኮቱ ላይ ቆሜ ለናዝሬት ልነግራት የማልችለው። ያልኳት ይኼን ብቻ ነው፦

«ልጄ፣ እኔ ነገ ብሞት ልጆቼ ይኼን ደረሰኝ ሳጥኔ ውስጥ ያገኙታል። ስሜ ብቻ ካለበት የእኛ ነው ይላሉ። የሷ ስም ብቻ ካለበት አባታችን ከየት አመጣው ይላሉ። ሁለቱም ይጻፍበት።»

ልጅቷ ወደ ሰልፉ አየች፣ ወደ ኮምፒውተሩ አየች። በሙቢና ቱፋ ስም አስገባችው። የታተመውን አወጣች፤ ብዕር አንስታ በኅዳጉ ላይ በእጇ ጻፈችበትና ማኅተም መታችበት። «እንዲህ ይሆናል?» አለችኝ።

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። በየኋላሸት ኃይለየሱስ እጅ።

«እንዲህ ነው» አልኳት።

ቤት ስደርስ ለሙቢና ደወልኩ። በየዓመቱ የምትጠይቀኝን ጠየቀችኝ። «ከፈልክ? በማን ስም?» «በስምሽ» ስላት ትስቃለች፤ ሳቋ የአባቷ ነው። የልጅ ልጄ ሀሴት አጠገቤ ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው። ስልኩን ስዘጋ ቁልፉን ከግድግዳው ላይ አወረድኩ፤ ክረምት ስለሆነ ቤቱ አየር ማግኘት አለበት። ተከተለችኝ። መንገዱን ተሻገርን። በሩን ስከፍት ደጁ ላይ ቆመች።

«አያዬ፣ እዚህ ቤት ማን አለ?»

በእሷ ዕድሜ «አንተ ምን አገባህ» ተብዬ ነበር።

«የሙቢና ቤት ነው» አልኳት። «የቱፋ ልጅ። ግቢ፣ መስኮቱን ክፈቺልኝ።»

ገባች።